አያ ዓብደላ ያቃኑት ሸራ

በደርግ ዘመን ከአሰብ ወልድያ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ሸራው ሲቀደድበት ጣቱን የሚቀስረው ወደ አንድ ሱቅ ነበር። ሱቁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፤ ባለቤቱ አያ ዓብደላ ይባላሉ። የእህቴ የዘሀራ ባል ናቸው። እኔ ዘይኑልአቢዲን እባላለሁ፤ እሳቸው ግን «ችኩሉ» እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። ዘመዴ ስለሆኑ ላሞግሳቸው የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተነታርከናል። እሳቸው አንድ ቅምቅማት ለመዝጋት ሦስት ጊዜ የሚለኩ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ ሞተር አስነስቼ ክላክስ እያንባረቅኩ የምጠብቅ።

የጭነት መኪና ሸራ ሕጉ አንድ ነው ይሉ ነበር፤ ሆድ ማውጣት የለበትም። ሆድ ያወጣ ሸራ ዝናብ ያቁራል፣ ያቆረው ውሃ ይከብዳል፣ ሲከብድ ይቀደዳል፣ ከሥሩ ያለው ማሽላ ይበሰብሳል። እሳቸው የሰፉት ሸራ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው። ሌላ ሰው የሰፋው ሸራ ለጥገና ሲመጣላቸውም መጀመሪያ የሚያዩት ስፌቱ ቀጥ ማለቱን ነው። ካልቀና፣ ባለቤቱ ባይጠይቅም፣ ተርትረው ያቃኑታል። «ጠማማ ስፌት እጄ ላይ አያድርም» ይላሉ። ጉዱን ያፈላው ይህ ልማዳቸው ነው፤ የእኔም ጥድፊያ ታክሎበት።

በእናታቸው በኩል ዘራቸው ከየመን ነው። አያታቸው ሞካ በምትባል ወደብ የጀልባ ሸራ ሰፊ ነበሩ። አንድ ዘመን ላይ ባህሩን ትተው፣ ሲራራ ተከትለው ደሴ ገቡና ለነጋዴ የጭነት መሸፈኛ መስፋት ያዙ። ለምን መጡ ሲባል «ለንግድ» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅም አልነበረም። አያ ዓብደላ ግን ሃምሳ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ባህር በዓይናቸው አላዩም ነበር። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ፣ ቢበዛ ባቲ ገበያ፣ አበቃ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያልኩ አበሽቃቸዋለሁ። «አንተ በየሳምንቱ ታየው የለም እንዴ፤ ምን ተማርክ?» ይሉኛል።

በ1975 ዓ.ም. በጥር ወር መጀመሪያ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ስጠብቅ፣ ደምመላሽ የሚባል የወደብ ጸሐፊ ክንዴን ይዞ ወደ ትንሿ መቆሚያ ወሰደኝ። ደምመላሽ ድሬዳዋ ያደገ፣ ፈረንሳይኛን ከባቡር ሠራተኞች የለቀመ ሰው ነው። እዚያ አንዲት ነጭ ጀልባ ታስራ ቆማለች። ርዝመቷ የእኔን መኪና ከነተሳቢው ሊያህል ምንም አይቀረውም፤ ስፋቷ ግን የሚያሳዝን ነው። ባለቤቷ ሙሴ ማርሴል የሚባል ፀጉሩ የሸበተ ፈረንሳዊ ነበር፤ አብራው ሃያ ዓመት የማይሞላት ሴት ልጁ አለች። ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ውስጧን ሳይ ባዶ ሆነብኝ። መዝጊያ የለ፣ ሳጥን የለ፣ አልጋው ገመድ ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው። ደምመላሽ እንደነገረኝ የውድድር ጀልባ ናት፤ ውቅያኖስ ለማቋረጥ የተሠራች። ለውድድር ደግሞ ክብደት ጠላት ነው። የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ እንኳን ግማሹን ቆርጠው ጥለውታል። «ከውሃው በታችስ ምን አለ?» ስል «አራት ቶን እርሳስ» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከሥር አራት ቶን ተሸክሞ ከላይ የጥርስ ብሩሽ የሚቆርጥ ሰው ያኔ ነው ያየሁት። ማርሴል አልተቀየመም። እጁን እንደ ጀልባ አጋድሎ አሳየኝ፤ ነፋስ ሲያስተኛት ከሥር ያለው ክብደት መልሶ ያቆማታል፤ ከላይ ያለው ግን ከነፋሱ ጋር አብሮ ይጥላታል። ይህ ወዲያው ገባኝ። ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ጭነቱን ከላይ የቆለለ ሾፌር ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ።

ውድድሩን ጥለው ወደ አገራቸው እየተመለሱ ሳለ፣ ባብ ኤል መንደብ ላይ ማዕበል ትልቁን ሸራ ቀዶባቸዋል። ወደቡ እስከ ጥር ሃያ ድረስ ፈቅዶላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ፣ ሸራ ኖረም አልኖረም፣ መውጣት አለባቸው። ዘመኑ ነው፤ የውጭ አገር ጀልባ እየሰነበተ ሲሄድ የሚያይ ዓይን ይበዛል። ደምመላሽ «ያንተ አማች ካልሰፉት የሚሰፋው የለም» አለኝ። ሸራው፣ መጠገኛው ጨርቅ፣ ክሩ፣ በእርሳስ የተሳለ አንድ ወረቀት፣ ሁሉም በአንድ ከረጢት ተጭኖ ከእኔ ጋር ደሴ ወጣ።

ሱቁ አልበቃ ብሎን ሆጤ ሰፈር ከአንድ ወዳጃቸው ግቢ ወስደን ዘረጋነው። አያ ዓብደላ ጨርቁን በሁለት ጣት ዳበሱት። ነጭ ነው፤ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ ሲስቡት አይለጠጥም። «ሱብሐነላህ» አሉ። ከዚያ ተንበርክከው ስፌቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ጨርቁ በአግድም የተቀጣጠሉ ረጃጅም ክፍሎች ነው፤ የመጋጠሚያው ስፌት ሁሉ ግን ከዳር ቀጥ ብሎ ይነሳና መሃል ላይ ሁለት ጣት ያህል ይጎብጣል። ሸራው መሬት ላይ አልተኛ ብሎ መሃሉ እየተነፋ አስቸገረን።

«ጨርቁ የንጉሥ፣ ስፌቱ የሰካራም» አሉ።

ወረቀቱን አወጣሁላቸው። እዚያም መስመሮቹ ጎብጠው ተስለዋል። ግራ ገብቷቸው ጥቂት ካዩት በኋላ «ጀልባ ላይ ተቀምጦ የሳለው ነው፤ ማዕበሉ እጁን ገፍቶታል» አሉ። እኔም ሳቅሁ፤ ልክ ነዎት አልኩ። ሐቁን ልናገርና፣ ትንሽ አመንትተው ነበር። «ባለቤቱን ብንጠይቀውስ?» ብለዋል። «አያ ዓብደላ፣ ባለቤቱ አሰብ ነው፤ እኔ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ቡና ጭኜ መውረድ አለብኝ» ብዬ አፋቸውን ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ።

የተቀደደውን ክፍል ለመቀየር አምስት ስፌት መተርተር ነበረባቸው። አምስቱንም ተረተሩ፤ አምስቱንም በገመድ ለክተው ቀጥ አድርገው ሰፉ። ሦስት ቀን ሙሉ ከመርፌው አልተነሱም። ሲያልቅ ሸራው መሬት ላይ አንዲት ሽብሽብ ሳይኖረው ተኛ። እሳቸው ዙሪያውን ዞረው አዩትና «እንግዲህ አያቴ ቢያየው አያፍርብኝም» አሉ። ደስታቸው እኔንም ደስ አሰኘኝ። ሸራውን አሰብ ሳደርስ ማርሴል የስፌቱን ጥልፍ በጥፍሩ እየነካ አደነቀ፤ ከከረጢቱ ግን ሙሉውን አውጥቶ ለማየት ነፋስ የሌለበት ጠዋት መጠበቅ ነበረበት። እኔ ቸኩያለሁ፤ ተሰናብቼው ወጣሁ።

ጥር አሥራ ስድስት ቀን ደሴ ተመልሼ ምሳ ላይ እነ አያ ዓብደላ ቤት ተቀመጥኩ። እናታቸው እማማ ሱልጣናም ነበሩ። ልጃቸው ረሂማ ወልዳ ኮምቦልቻ ሲያርሷት ሰንብተው በዋዜማው ነው የተመለሱት። ሰባውን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አንዲት ነገር አያመልጠውም። እኔ እየጎረስኩ ስለ ጀልባዋ እፎክራለሁ፤ ስለ እርሳሱ፣ ስለ ጥርስ ብሩሹ፣ ስለ ስፌቱ።

እማማ ሱልጣና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሆዱን ስንት ጣት ተውክለት?»

«የምን ሆድ?» አሉ አያ ዓብደላ።

«የሸራው ሆድ ነዋ።»

«እማ፣ ሸራ ሆድ የለውም።»

«ያንተ ሸራ የለውም። የጀልባ ሸራ አለው። አባቴ ሲሰፋ ጨርቁን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ሆዱ የሚደበቀው ስፌቱ መሃል ላይ ነው፤ ሁለት ጣት፣ አንዳንዴ ሦስት። እዚያ ላይ ነው ነፋሱ የሚቀመጠው። ቀጥ ብሎ የተሰፋ ሸራ ነፋስ ይመታዋል እንጂ አይስበውም። ጀልባይቱ ወደ ጎን ትነዳለች።»

«ወደ ጎን ብትነዳ ምን አለ?» አልኩ እኔ።

«ድንጋይ አለ፣ ልጄ። ከውሃው በታች ያለ ድንጋይ።»

አያ ዓብደላ እጃቸው ሳህኑ ላይ እንዳለ ቀረ። እማማ ሱልጣና ቀጠሉ። «አባቴ ከባህር ለምን የወጣ ይመስልሃል?»

«ለንግድ።»

«ለንግድ ብለን ነው የነገርናችሁ። ሰባት ሰው የሚይዝ ሰንቡቅ፣ ባለ ሸራ ጀልባ ነበር፤ ሸራውን አባቴ ሰፋላቸው። ወቅቱ አልፎ ይቸኩሉ ነበር፤ እሱም ቸኮለ። በዋዜማው ልኩን እንደሳተ ገባው። ጠዋት ወደ ባህሩ ዳር ወረደ፤ ሊነግራቸው። ሰዉ ሁሉ 'ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ሸራ' እያለ ያመሰግነዋል። አፈረ። ሳይነግራቸው ሄዱ። አልተመለሱም። በሸራው ይሁን በሌላ፣ እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። አባቴ ግን ዝም ማለቱን ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ መርፌ ለጀልባ አላነሳም።»

እህቴ ዘሀራ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር፤ ማንም እጁን አልታጠበም። እኔ ነገሩን ላቀል ብዬ አፌን ከፈትኩ። «አያ ዓብደላ፣ ሰውየው እኮ አድንቆታል። ባህር የሚያውቅ እሱ ነው፤ ካልሆነው ይነግረን ነበር። ደግሞ አሁን ሄደው 'አበላሸሁት' ቢሉ፣ ወሬው በየኬላው ነው የሚዞረው። የደሴ ሸራ ሰፊ ሁሉ ይስቅብዎታል።»

«የፈረንሳዊውን ልጅ አይተሃታል?» አሉኝ።

«አይቻታለሁ።»

«ዘይኑልአቢዲን፣ መኪናህ መቼ ትወርዳለች?»

በስሜ ሲጠሩኝ ደነገጥኩ። «ከነገ ወዲያ» አልኩ።

«ነገ ትወርዳለች» አሉ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እሳቸው እኔን ሲያቻኩሉኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ያኔ ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። በማግስቱ ጠዋት ቀበሌው ሲከፈት በሩ ላይ ቆመናል። ጸሐፊዋ ሸዋረጋ ቅጹን አውጥታ «የጉዞው ምክንያት?» አለች።

«ያበላሸሁትን ስፌት ላስተካክል።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «አሰብ ድረስ? የማን ስፌት ነው?»

«የአንድ ፈረንሳዊ። ጀልባው ላይ ነው።»

ሸዋረጋ ወደ በሩ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ዓብደላ፣ ይህን እንዳለ ብጽፈው እርስዎንም እኔንም ይጠይቁናል። የታመመ ዘመድ ልበል?»

«ውሸት ተሸክሜ ከሄድኩ ምኑን አቃናሁት?» አሉ።

ተናደድኩ። ጥር አሥራ ሰባት ነው፤ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሰውየው አንዲት ቃል ላይ ይሟገታሉ። ሸዋረጋ ግን ብዕሯን መልሳ አነሳችና «ለሙያ ሥራ» ብላ ጻፈች። «ይህስ ሐሰት ነው?» አለች። «እውነት ነው፤ አላህ ይስጥሽ» አሉና ማኅተሙ አረፈበት።

ባቲን አልፈን ሚሌ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ እሳት ይፋጃል። አያ ዓብደላ ብርድ የለመዱ ሰው ናቸው፤ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል፤ የመርፌ ከረጢታቸውን ግን ከጭናቸው አላወረዱም። በየኬላው እየቆምን በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሰብ ገባን። ባህሩ ድንገት ሲታይ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሊፎክሩብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «አያቴ ይህን ሁሉ ትቶ ነው የመጣው» አሉ።

ደምመላሽ መቆሚያው ላይ ተቀበለን። ማርሴል ትናንት ጠዋት ሸራውን ሰቅሎ አይቶታል። ሆዱ እንደጠፋ አውቋል፤ ፈቃዱ ነገ ስለሚያልቅ ግን እንዳለ ሊሄድበት ቆርጧል። «እናንተ ዘንድ መልእክት ለመላክ ጊዜ የለም ብሎ ነው» አለን።

አያ ዓብደላ ማርሴል ፊት ሄደው ቆሙ። «ንገረው» አሉ ለደምመላሽ። «አበላሽቼብሃለሁ በለው። ስፌትህ ጠማማ መስሎኝ አቃናሁት። ሥዕልህንም አይቼ ናቅኩት።»

ደምመላሽ ሊያለሳልሰው ፈልጎ መሰለኝ ፈገግ ብሎ አጭር ነገር ተናገረ። አያ ዓብደላ ፈረንሳይኛ አያውቁም፤ ፈገግታውን ግን አዩት። «እንዳለ ንገረው» አሉ። ደምመላሽ ፈገግታውን ዋጠና እንደገና ተናገረ። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ልጠይቅ ሲሉ ያቻኮልኳቸው እኔ ነኝ በለው» አልኩ። አንገቴ ድረስ ነው ያፈርኩት፤ ግን አልኩት።

ማርሴል ጀልባው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። የሚቆጣን መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ልጁን ማንኪያ እንድታመጣ ላካት። መቆሚያው ላይ ያለውን ቧንቧ ከፈተ፤ ውሃው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ማንኪያውን በጫፉ አንጠልጥሎ ጎባጣ ጀርባውን አስጠጋ። እኔ ውሃው ገፍቶ ያባርረዋል ብዬ ነበር። ሳበው። ማንኪያው ወደ ውሃው ገብቶ አልላቀቅ አለ። ከዚያ የቢላ ጎን አስጠጋ፤ ቢላው እንደተንጠለጠለ ቀረ። አያ ዓብደላ ማንኪያውን ተቀብለው ራሳቸው ሦስት ጊዜ ሞከሩት። እማማ ሱልጣና «ነፋሱ የሚቀመጥበት» ያሉት ቦታ በእጃቸው ገባ።

ከዚያ ሥራው ሆነ። ማርሴል አንድ ቀጭን ረጅም እንጨት አጉብጦ በጠመኔ መስመሩን ያሰምራል፤ እኔና ልጂቱ ጨርቁን እንወጥራለን፤ አያ ዓብደላ ይተረትራሉ፣ ይሰፋሉ። ለአንድ ጣት ልዩነት ሁለቱ ሰዎች ያለ ቋንቋ ይከራከሩ ነበር። ማርሴል በደምመላሽ በኩል እንደነገረን በውድድር ላይ የአንድ ጣት ስህተት በሳምንት ግማሽ ቀን ወደ ኋላ ያስቀራል። አያ ዓብደላ «እኔ ደግሞ በመርፌ እንጂ በጣት አልስትም» ብለው አሳቁት። ለሶላት ብቻ እየተነሱ፣ አምስተኛውን ስፌት ከመግሪብ በፊት ዘጉት። ጣቶቻቸው አብጠው ውሃ መያዝ አቅቷቸው ልጂቱ አጠጣቻቸው።

በማግስቱ ማለዳ ጀልባዋ ወጣች። ሸራው ምሰሶው ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ድንገት ዝም አለና ሞላ። ጀልባዋ ጋደል አለች፤ ከሥር ያለው እርሳስ ያዛት። ነፋሱ ከፊት ለፊት በቀኝ በኩል እየመጣ፣ እሷ ወደ ጎን ሳትንሸራተት ወደ እሱው ገሰገሰች። ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፤ የሚገፋው ኃይል ከፊቱ እየመጣ ወደፊት የሚሄድ ነገር አላየሁም። አያ ዓብደላ እስክትጠፋ ድረስ ከፀሐዩ አልተነሱም። ጀልባይቱ አገሯ ትድረስ አትድረስ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ደምመላሽም ወሬ አላገኘም። ይህ እኔን ያብከነክነኛል። እሳቸውን ግን አንድ ቀን ሲያብከነክናቸው አላየሁም።

ጥር ሃያ ሁለት ከሰዓት በኋላ ደሴ ደረስን። እማማ ሱልጣና መደቡ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። የጀልባዋን ወሬ የሚጠይቁ መስሎኝ ልጀምር ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ነገርከው?» አሉ ልጃቸውን።

«ነገርኩት።»

«ምን ብለህ?»

«አበላሽቼብሃለሁ አልኩት።»

«ድገመው።»

አያ ዓብደላ እንደ ተማሪ ቆመው «አበላሽቼብሃለሁ አልኩት» አሉ። እማማ ሱልጣና አንዴም ጨምረው አስደገሟቸው። በሦስተኛው የእማማ እንባ ወረደ፤ አልጠረጉትም። ስልሳ ዓመት ሙሉ ከአባታቸው አፍ ሊሰሙት ተመኝተው ያጡት ቃል መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ።

ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ስም መጥራት ጀመሩ። ሳልም። ዑመር። ባ-ዐቢድ። ሁለቱ የሙሕሲን ልጆች። ሽማግሌው ፈረጅ። የሰንቡቁ ሰዎች ናቸው። እህቴ በጆሮዬ «አንድም ቀን ሲጠሯቸው ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ሳያጥፉ ቆዩ።

«ዓብደላ» አሉ።

«አቤት፣ እማ» አሉ አያ ዓብደላ።

«አንተን አልጠራሁህም። ወንድሜን ነው።»

አያ ዓብደላ ቀስ ብለው ከእናታቸው እግር ሥር ተቀመጡ። ሁላችንም ለዱዓ እጃችንን ዘረጋን።